ለነፍሰ ጡር የትኛው የግፊት ማሽን? ከኦምሮን እስከ ክሬድል

መድኃኒት ቤት ገብቶ «የግፊት ማሽን አላችሁ?» ለሚል ሰው ወሬው ወዲያው ወደ ዋጋ ይሄዳል። ለነፍሰ ጡር ለሚገዛ ግን ከዋጋ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ይህ ማሽን በነፍሰ ጡሮች ላይ፣ በተለይም የእርግዝና ግፊት በያዛቸው እናቶች ላይ ተፈትኖ አልፏል ወይ? ለአባወራው ተገዝቶ ለዓመታት ልክ ሲለካ የኖረ ማሽን በእርጉዝ ሚስቱ ክንድ ላይ ሲታሰር ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ማሽን ደግሞ ከነጭራሹ ካለመኖሩ ይብሳል፤ «ደህና ነሽ» ብሎ ቤት ያስቀምጣታልና።

ልዩነቱ የሚመጣው ከአለካኩ ነው። የጤና ጣቢያ አዋላጅ በማዳመጫ ስትለካ የደሙን ድምፅ በጆሮዋ ትሰማለች፤ ድምፁ የጀመረበት የላይኛው፣ የጠፋበት የታችኛው ቁጥር ነው። አውቶማቲክ ማሽን ድምፅ አይሰማም። ከማሰሪያው አየር ሲወጣ የደም ቅዳው ግድግዳ የሚፈጥረውን ንዝረት ያነባል፤ ንዝረቱ ከሁሉም የሚበረታበትን ነጥብ እንደ አማካይ ግፊት ይይዝና የላይኛውንና የታችኛውን በስሌት ያወጣቸዋል። ስሌቱ የተቀመረው በአብዛኛው እርጉዝ ባልሆኑ ሰዎች ላይ ነው። በፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ግፊትን ከፍ አድርጎ የእናትየውን አካላት በሚጎዳው የእርግዝና በሽታ ጊዜ ግን የደም ሥሩ ባሕርይ ይለወጣል፣ ክንዱም ውኃ ይቋጥራል፤ ንዝረቱ ሲለወጥ ስሌቱ ይስታል። የሚስተውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ነው። ስለዚህ «በክሊኒክ የተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ማየት አይበቃም፤ በእርግዝናና በፕሪኤክላምፕሲያ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ስትራይድ ቢፒ የተባለው የባለሙያዎች ድርጅት በድረ ገጹ ላይ የተፈተኑ ማሽኖችን ሲዘረዝር ለነፍሰ ጡሮች የሚሆኑትን ለብቻ አውጥቶ ያስቀምጣል። ከመግዛት በፊት የሞዴሉን ቁጥር እዚያ ላይ መፈለግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ያህል የምንጠነቀቀው በሽታው ስሜት ስለማይሰጥ ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ ሥሩ የእንግዴ ልጁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት ወደ ማሕፀን ግድግዳ ዘልቀው ጠመዝማዛዎቹን ደም ቅዳዎች ያሰፏቸዋል፤ ጠባብና ጡንቻማ የነበሩት ሥሮች ሰፊ ቧንቧ ይሆኑና ደም እንደ ልብ ወደ ጽንሱ ይፈሳል። ይህ ሥራ በግማሽ ከቀረ የእንግዴ ልጁ ደምና ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ወደ እናትየው ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች የደም ሥሮቿን የውስጥ ሽፋን ይጎዳሉ። ግፊት ይወጣል፣ ኩላሊት ፕሮቲን ያሳልፋል፣ ጉበት ይጎዳል፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ይወርዳል፣ ሲብስም አንጎል ተነክቶ የሚጥል መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ኤክላምፕሲያ የምንለው ይህን ነው። ጽንሱ በበኩሉ ምግብና ኦክስጅን እያነሰው እድገቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ይላቀቃል። ምልክቱ የሚወጣው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ቢሆንም ጥፋቱ የተጀመረው ከወራት በፊት ነው። 150/100 ላይ ያለች ሴት ምንም ሳይሰማት ውኃ ልትቀዳ ትችላለች። ከቁጥሩ በቀር የሚናገር የለም።

እንግዲህ ወደ ማሽኖቹ።

በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰሩትን በአጭሩ እንለፋቸው፦ ለነፍሰ ጡር አይግዙ። ትንሽና ቀላል ስለሆኑ ከውጭ በሻንጣ በብዛት ይመጣሉ፤ ግን አንጓው ከልብ ትይዩ ካልሆነ ያሳስታሉ። ክንድ ከልብ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ንባቡ ከ7 እስከ 8 ነጥብ ይጨምራል፣ ከፍ ሲል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጉልበቷ ላይ እጇን አስቀምጣ የምትለካ ሴት 128 የነበረውን 140 ልታይ ትችላለች፤ አልጋ ላይ ጋደም ብላ እጇን ደረቷ ላይ ያሳረፈች ደግሞ የተገላቢጦሹን። የእጅ ሰዓትና ጣት ካሜራ ላይ አስደግፎ «ግፊት» የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያም ለእርግዝና ከዚህ የተሻለ አይደለም።

ለቤት የምንመርጠው ኦምሮን ኤም3 ኮምፎርት ነው፤ የሞዴል ቁጥሩ ኤችኢኤም-7134-ኢ። በ2018 ጤናማ ነፍሰ ጡሮችንና ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባቸውን ጨምሮ በተደረገ ፈተና ከወንድሙ ከኦምሮን ኢቮልቭ ጋር አልፏል። በአራት ኤኤ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማሰሪያው ከ22 እስከ 42 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለውን ክንድ ይይዛል፣ በመሆኑም ለአብዛኛዎቹ ሴቶች ሌላ መጠን መፈለግ አያስፈልግም። ንባቡን ለሁለት ሰው ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ የአማቷ ቁጥር ከእሷ ቁጥር ጋር አይደባለቅም። ማሰሪያው በደንብ መታሰሩን የሚያመለክት ምልክትም አለው፤ ብቻዋን ለምትለካ ሴት ጠቃሚ ነው።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ማሰሪያው ቅርጹን የያዘ ደረቅ ነገር ስለሆነ ከትከሻ ወፈር ብሎ ወደ ክርን የሚቀጥን ክንድ ላይ የታችኛው ጠርዝ ክፍት ይቀራል፤ ሲነፋ ይንሸራተትና የስህተት ምልክት ያወጣል። እንዲህ ያለ ክንድ ላይ ትንሽ ሰያፍ አድርጎ፣ የክንዱን ቅርጽ ተከትሎ ማሰር ነው። ስክሪኑ ላይ «ኢ» ፊደል ከቁጥር ጋር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ የአየር ቱቦው ጫፍ እስከ መጨረሻው አልገባም፣ ወይም ስትለካ ተንቀሳቅሳለች ወይም አውርታለች። ማሽኑን ሲያስቀምጡ ቱቦውን አጥፎ መጠቅለል ደግሞ ከጊዜ በኋላ ያሰነጥቀዋል፤ አየር የሚያፈስ ማሽን ደጋግሞ ይነፋል፣ ክንድ ያሳምማል፣ ባትሪም ይጨርሳል።

ዘመድ ከውጭ የሚልክ ከሆነ ሁለት ነገር ይታይ። የኦምሮን ሞዴሎች በአሜሪካ ገበያ በሌላ የሞዴል ስም ነው የሚሸጡት፤ «ኦምሮን ነው» ብሎ ማመን ሳይሆን ማሽኑ ጀርባ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ይገባል። ከአሜሪካ የመጣ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ ደግሞ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚችል ሳያረጋግጡ አይሰኩት።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር። በብዙ የኦምሮን መመሪያዎች የመጨረሻ ገጾች ላይ ማሽኑ የሚሠራበት የአየር ግፊት ከ800 እስከ 1060 ሄክቶፓስካል ተብሎ ተጽፏል። የአዲስ አበባ አየር ወደ 770 ገደማ ነው፤ ሌሎች ከፍተኛ ቦታዎችም እንዲሁ ከዚህ ክልል በታች ናቸው። ማሽኑ የሚለካው በማሰሪያው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ ይህ ብቻውን ቁጥሩን ያበላሻል ብለን አንሰጋም፤ ነገር ግን አምራቹ ከገለጸው ክልል ውጭ ነን ማለት ነውና በመጀመሪያው የክትትል ቀን ማሽኑን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። አዋላጇ በማዳመጫ ትለካለች፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በዚያው ክንድ ላይ ማሽኑ ይለካል፣ ይህ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ልዩነቱ በ5 ነጥብ ውስጥ ከሆነ ይበቃል። 10 ነጥብ ዝቅ እያለ ከሆነ ያ ማሽን ለእርግዝና አይሆንም፤ «እኔ 10 እየደመርኩ አነባለሁ» የሚል መላም አይሠራም፣ ስህተቱ ግፊቱ ሲወጣ በዚያው ልክ አይቆይምና።

ኢቮልቭ ቱቦ የለውም፤ ማሽኑ ማሰሪያው ላይ ተለጥፎ ነው ያለው፣ ከስልክም ጋር ይገናኛል። ለመንገድ ይመቻል። ስክሪኑ ክንድ ላይ ስለሆነ ግን ቁጥሩን ለማየት አንገት ማዞርና ክንድ ማንሳት ይመጣል፣ ያም ልኬቱን ያዛባል። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ቢቀርቡ ኤም3ን ነው የምንወስደው።

ማይክሮላይፍ ዋችቢፒ ሆም በፕሪኤክላምፕሲያ ላይ ቀድመው ከተፈተኑት አንዱ ነው። ጥንካሬው የምርመራ ሥርዓቱ ላይ ነው፤ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ እያስለካ አማካዩን ይይዛል፣ ተጠቃሚዋ ያልወደደችውን ቁጥር እንድትዘል አያደርግም። ከእርግዝናው በፊትም ግፊት ለነበረባት ሴት ከሁሉም ይሻላል። ለሌላዋ ግን ከሚያስፈልጋት በላይ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ግፊት የነበረባትን ካነሳን አይቀር፦ ኤናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት እየወሰደች ያረገዘች ሴት ማሽን ከመግዛቷ በፊት ሐኪም ዘንድ ትሂድ። መድኃኒቱ የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል፤ በሜቲልዶፓ ወይም በኒፈዲፒን ይለወጥላታል። መድኃኒቱን በራሷ ማቆምም አደጋ ነው።

ወደ ክሬድል እንምጣ። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ታስቦ በማይክሮላይፍ የተሠራው ይህ ማሽን ለጤና ኬላና ለጤና ጣቢያ የተፈጠረ ነው፤ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በጤና ፕሮግራሞች በኩል ነው በአብዛኛው የሚገኘው። የሚነፋው በእጅ በሚጨመቅ ፓምፕ ነው፤ ሞተር ስለሌለው ኤሌክትሪክ እምብዛም አይበላም፣ በተራ የስልክ ቻርጀር ይሞላል። አየሩን የሚያስወጣውና የሚያነበው ግን ራሱ ነው፤ ማዳመጫ አያስፈልገውም።

ብልሃቱ ግን መብራቱ ላይ ነው። ማሽኑ ግፊቱን ብቻ ሳይሆን የልብ ምቱን ለላይኛው ቁጥር አካፍሎ የሚገኘውን፣ የደም መፍሰስን ድንጋጤ (ሾክ፣ ደም ለሰውነት ሳይበቃ መቅረትን) የሚጠቁመውን ቁጥር ያሰላል። ግፊቱ ከ140/90 በታች ሆኖ ያ ቁጥር ከ0.9 በታች ከሆነ አረንጓዴ ይበራል። ግፊቱ ከ140 እስከ 159 ወይም ከ90 እስከ 109 ሲሆን፣ ወይም ያ ቁጥር 0.9 ሲደርስ ቢጫ ይበራል። ላይኛው 160፣ ወይም ታችኛው 110፣ ወይም ያ ቁጥር 1.7 ሲደርስ ቀይ ነው። አብሮ የሚወጣው ቀስት ደግሞ ችግሩ የግፊት መብዛት ይሁን የደም መፍሰስ ድንጋጤ ይለያል። ለምሳሌ ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት ሴት ላይኛው ቁጥር 100፣ ምቷ 120 ቢሆን፣ 120 ለ100 ሲካፈል 1.2 ነው፤ «ግፊቷ መቶ አለ፣ ደህና ናት» ተብላ ልትታለፍ የነበረችው ሴት ቢጫ ታበራለች። በሥራ ብዛት ለተወጠረች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህ ስሌት በጭንቅላት የሚሠራ አይደለም። በቅድመ ወሊድም በድኅረ ወሊድም ሁለቱን ትልልቅ የእናት ገዳዮች በአንድ ማሽን የሚጠብቅ ሌላ ርካሽ መሣሪያ አናውቅም።

ጉድለቱን ከወሰድን፣ በእጅ የሚነፋው ፓምፕ ራሷን ለምትለካ ሴት አይመችም፤ የሚጨምቀው እጅ ሲታገል ግፊቱም ምቱም ይወጣል። በደንብ ሳይነፋ ከቀረም እንደገና መጀመር ግድ ነው። ስለዚህ ለሌላ ሰው ለሚለካ ባለሙያ ግሩም፣ ለቤት ብቸኛ ተጠቃሚ መካከለኛ ነው።

ማሽኑ ብቻውን ምን ያህል ይለውጣል ለሚለው በሁለት ትልልቅ ጥናቶች መልስ ተፈልጓል፤ ሁለቱም ለገዢ መነገር አለባቸው። ክሬድልን ከአጭር ሥልጠና ጋር በአሥር ቦታዎች፣ አዲስ አበባም ባለችበት፣ በ2016 እና በ2017 ያስገባው ጥናት ከ536 ሺህ በላይ ወሊዶችን ተከትሏል። የኤክላምፕሲያ፣ የእናት ሞትና ማሕፀን በድንገት የማውጣት ድምር ቁጥር በጥሬው ቢቀንስም፣ ከቦታ ቦታና ከወር ወር የነበረው ልዩነት ሲስተካከል ቅናሹ የማሽኑ ነው ብሎ መደምደም አልተቻለም። በእንግሊዝ አገር በ2,441 ተጋላጭ ነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ ቤት ውስጥ መለካት ግፊቱ ክሊኒክ ውስጥ የሚታወቅበትን ቀን እንዳላፋጠነ አሳይቷል። እዚያ ግን ነፍሰ ጡር በየጥቂት ሳምንቱ አዋላጅ ዘንድ ትቀርባለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው ስምንት ጊዜ የመገናኘት ምክር በሙሉ ለማይሟላላት ሴት፣ በተለይ ከ26ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ቀጠሮ ካመለጣት፣ መሀል ላይ የሚለካ ሰው መኖሩ ዋጋው ከፍ ይላል ብለን እናምናለን። ነገር ግን ቀይ መብራት ካየች በኋላ አምቡላንስ ከሌለ፣ የደረሰችበት ጤና ተቋም ማግኒዥየም ሰልፌት ከሌለው፣ ማሽኑ ነገሩን ቀድሞ ማወቅ ብቻ ነው የሚሰጣት። መድኃኒቱ በሚጥል መንቀጥቀጥ የመያዝን ዕድል ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በ2002 ከአሥር ሺህ በላይ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል። ማሽኑን ከመግዛት ጋር የወረዳውን የአምቡላንስ ስልክ መያዝና ማግኒዥየም ያለበትን ቅርብ ተቋም ማወቅ አብሮ መሄድ አለበት።

ጥሩ ማሽን በመጥፎ አለካክ ይበላሻል። ከሁሉ በፊት ክንዱን በሜትር መለካት ነው፦ ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ክርን ያለውን ርዝመት ይዞ መሀሉ ላይ ዙሪያውን። ከ32 ሳንቲ ሜትር በላይ ለሆነ ክንድ ከ22 እስከ 32 የሚለው መደበኛ ማሰሪያ ከታሰረ ቁጥሩ ያለ በሽታ ይወጣል፤ ለቀጭን ክንድ ትልቅ ማሰሪያ ደግሞ ያወርዳል።

ከመለካት 30 ደቂቃ በፊት ቡና አይጠጣ። አቦል ላይ ሆኖ፣ ጎረቤት እየተጨዋወተ፣ በረካ እስኪደርስ መለካት ልማድ በሆነበት ቤት ቁጥሩ የቡናውና የወሬው ነው። ሽንት ሸንታ፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ጀርባዋን ደግፋ፣ እግሯን ሳታጣምር መሬት ላይ አሳርፋ አምስት ደቂቃ ትቀመጥ። ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ መለካት አይሆንም፤ ጀርባም ክንድም መደገፊያ የላቸውም። ክንዱ ጠረጴዛ ወይም ትራስ ላይ ሆኖ የማሰሪያው መሀል ከጡት ትይዩ ይሁን። ማሰሪያው በባዶ ቆዳ ላይ፣ የታችኛው ጠርዝ ከክርን እጥፋት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ሁለት ጣት በሚያስገባ ጥብቀት ይታሰር። ሹራብን ጠቅልሎ ወደ ላይ መሰብሰብ ክንዱን ያንቃል፤ ይውለቅ። አንድ ደቂቃ አሳርፎ ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለቱንም መጻፍ። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ክንዶች ይለኩ፤ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለውን ክንድ ብቻ።

አንድ ስህተት በጣም የተለመደ ስለሆነ ለብቻው እንጥቀሰው። ሆዷ የገፋ ሴት በጀርባዋ ተንጋልላ ከተለካች ማሕፀኑ ትልቁን ደም መልስ ይጫናል፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ራሷም ይዞራል። ይህን ሸሽተው በግራ ጎኗ አስተኝተው ከላይ ያለውን ቀኝ ክንዷን የሚለኩ አሉ። ያ ክንድ ከልብ በላይ ነው፤ ንባቡ ከ10 ነጥብ በላይ ዝቅ ሊል ይችላል። ትክክለኛ 145 የነበረው 133 ሆኖ ካርዷ ላይ ይሰፍራል። ቁጭ ብላ ትለካ፤ መቀመጥ ካልቻለች ጀርባዋን በትራስ ከፍ አድርጋ ወደ ጎን ዘንበል ትበል።

ቁጥሩን ስለ ማንበብ። ግፊት በእርግዝና መሀል፣ ከ20ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ገደማ፣ በተፈጥሮው ዝቅ ይላልና ከዚያ ወደ መጨረሻው ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ክትትል በአምስተኛው ወር የጀመረች፣ ከድሮም ግፊት የነበረባት ሴት ጤናማ መስላ ልታልፍ ትችላለች። የመጀመሪያው ልኬት ከ12ኛው ሳምንት በፊት መወሰድ ያለበት ለማወዳደር ነው። ቤት ውስጥ 135/85 ሲደርስ መጨነቅ ሳይሆን ጠዋትና ማታ መለካት መጀመር። 140/90 ሲደርስ፣ ከሁለቱ አንዱ ቁጥር ብቻ ቢሆንም፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም። 160 ወይም 110 ከሆነ ከ15 ደቂቃ በኋላ አንዴ ይደገምና ወዲያው መንገድ ይጀመር፤ ይህ ለአንጎል ደም መፍሰስ የሚያሰጋ ቁጥር ነው፣ ነገ የለውም።

ቁጥሩ ልክ ሆኖም የማይታለፉ ምልክቶች አሉ። የማይለቅ ራስ ምታት «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል፤ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ወይም ከልብ በታች የሚመጣ ሕመም «ጨጓራዬ ተነሳ» ይባላል፤ የፊትና የእጅ እብጠት «ልጁ ከብዶ ነው» ይባላል። ራስ ምታቱ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭልጭታ ካለበት፣ የላይኛው ሆድ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ እብጠቱ በድንገት ፊት ላይ ከወጣ፣ ማሽኑ ምንም ቢል ትሂድ። ጽንሱ ከወትሮው መንቀሳቀሱን ከቀነሰም እንዲሁ። የትኛውም የግፊት ማሽን የጽንሱን እድገት አያይም፤ ያንን አዋላጇ በሜትር ከ24ኛው ሳምንት ጀምሮ የማሕፀኑን ቁመት እየለካች፣ ሳንቲ ሜትሩን ከሳምንቱ ጋር እያመሳከረች፣ ካስፈለገም በአልትራሳውንድ ነው የምታውቀው። ቤት ያለው ማሽን ቀጠሮ የሚተካ የመሰላት ሴት ይህን ሁሉ ታጣለች።

ከማሽኑ ጎን አንድ ብልቃጥ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት መግዛት ያዋጣል፣ በተለይ ለመንታ እርጉዝ፣ ለመጀመሪያ ልጅ፣ ለስኳር ሕመምተኛ፣ ወይም ባለፈው እርግዝና ፕሪኤክላምፕሲያ ለነበረባት። ከመሀል ሽንት ተወስዶ ወረቀቱ ተነክሮ ይወጣል፣ ትርፉ በጠርዙ ይራገፋል፣ የፕሮቲኑ ቀለም በ60 ሰከንድ ይነበባል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቀለሙ ራሱ ስለሚጠቁር የዘገየ ንባብ ያስደነግጣል። አንድ መደመር በዴሲ ሊትር 30 ሚሊ ግራም፣ ሁለት መደመር 100፣ ሦስት 300 ገደማ ነው። የማሕፀን ፈሳሽ ከተቀላቀለ በሐሰት ይወጣል፤ ታጥቦ መሽናት ያስፈልጋል። ብልቃጡ ክፍት ከዋለ እርጥበት ወረቀቱን ያበላሸዋል፣ ፍሪጅ ውስጥም አይቀመጥ። ፕሮቲን አለመኖሩ ግን ነፃ አያወጣም፤ ግፊት ከጉበት ወይም ከፕላትሌት ችግር ጋር ከመጣ ያለ ፕሮቲንም ፕሪኤክላምፕሲያ ነው።

ማሽኑ በወለደች ማግስት ወደ ሣጥኑ አይመለስ። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ በሽታው ወዲያው ያቆማል ማለት አይደለም፤ ግፊት ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ከፍ ይላል። ያ ደግሞ አራሷ ከጤና ተቋም ወጥታ ገንፎ እየተገነፋላት፣ ጠያቂ ቤቱን የሞላበት ሰሞን ነው። እርግዝናው ላይ ግፊት የነበረባት ቢያንስ ለአሥር ቀን በቀን ሁለት ጊዜ ትለካ፤ ያልነበረባትም በሦስተኛውና በስድስተኛው ቀን አንድ አንድ ጊዜ ብትለካ ጥሩ ነው። 150/100 ከሆነ ያን ቀን ሐኪም ይያት። ኤናላፕሪል ከወሊድ በኋላ ለምታጠባ እናት ሊታዘዝ ይችላል፤ በእርግዝና የተከለከለው ሲታዘዝ አይደናገጡ። ግፊቱ በ12 ሳምንት ውስጥ ካልወረደ የእርግዝናው ብቻ አልነበረም፣ ቋሚ ግፊት ነው፣ ሕክምናውም ይቀጥላል። የተመዘገበበት ደብተር ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው እርግዝና ሐኪሙ ዝቅተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ከ16ኛው ሳምንት በፊት እንዲያስጀምራት የሚያስረዳለት እሱ ነው።